የተሣለ እንጀራ

ማርጅ ሲምፕሰን ከልጆቿ ከባርትና ከሊሳ ጋር አንድ ትሪ ከባ በእጇ ትበላለች። ትሪው ላይ እንጀራ ተነጥፏል። እንጀራው ላይ ወጡ በየዓይነቱ ተራርቆ ተቀምጧል። ልጆቹ ይቆርሳሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ይጎርሳሉ። እናትየዋ መጀመሪያ ፈራ ተባ ትላለች፤ ኋላ ግን እሷም ትቆርሳለች።

ትዕይንቱ ያለው «ዘ ሲምፕሰንስ» በተሰኘው የአሜሪካ የካርቱን ሲትኮም፣ 23ኛው ምዕራፍ፣ 5ኛው ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሉ ርዕስ «ዘ ፉድ ዋይፍ» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኅዳር 3 ቀን 2004 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 13 ቀን 2011) ነበር። ደራሲው ማት ሴልማን፣ ዳይሬክተሩ ቲሞቲ ቤይሊ ናቸው። ከመጀመሪያው ሲቆጠር 491ኛው ክፍል ነው። ርዝመቱ 22 ደቂቃ ገደማ ነው።

ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል አልተሠራም። መነሻው ደህና ነው፣ መካከሉ የተዋጣለት ነው፣ መጨረሻው ተቻኩሏል። መካከሉን ግን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ትሪው የእኛ ነው። የሣሉት ሰዎች የእኛ አይደሉም። ከተመልካቾቹም አብዛኞቹ እንጀራ ቀምሰው አያውቁም። አሳስተው ቢሥሉት ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። አንድ የ«ሲምፕሰንስ» ክፍል ተጀምሮ እስኪያልቅ ብዙ ወራት ይወስዳል። ድርሰቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይጻፋል፤ ደራሲዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይጽፉታል፣ ይሰርዙታል፣ እንደገና ይጽፉታል። ቀጥሎ ተዋንያኑ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነቡታል። ያላሳቀው ይወጣል። ከዚያ ድምፁ ይቀረፃል። ሥዕሉ የሚመጣው ከድምፁ በኋላ ነው፤ አፉ የሚሣለው በተቀረፀው ቃል ልክ ነው። ሠዓሊዎቹ ታሪኩን በጥቁርና ነጭ ንድፍ ከፋፍለው ከድምፁ ጋር ያስማሙታል። ንድፉ ታይቶ ይታረማል። በመጨረሻ ሥራው ወደ ደቡብ ኮሪያ ይላካል። በዋናዎቹ ሥዕሎች መካከል ያለው እንቅስቃሴ የሚሞላው፣ ቀለሙም የሚቀባው እዚያ ነው።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። የዚህ ዓይነት ካርቱን አንዱን ሥዕል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ምስል ያቆየዋል። ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት 22 ደቂቃ ወደ 16 ሺህ ሥዕል ይጠጋል። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ስለማይንቀሳቀስ እውነተኛው ሥራ ከዚህ ያንሳል። ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው አንዴ ይሣልና ይቆያል። የሚንቀሳቀሰው እጅ፣ አፍና ዓይን በላዩ ላይ ለብቻ ይደረባል።

አሁን እንጀራውን በዚህ አሠራር ውስጥ እናስገባው። የ«ሲምፕሰንስ» ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። ዳሩ በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበባል፣ ውስጡ በአንድ ቀለም ይሞላል። ጥላ ብዙም አይገባበትም። የላይኛው ገጽ ሻካራ ይሁን ለስላሳ አይነገርም። ፖምም፣ ኳስም፣ የቤተሰቡ አባት የሆመር ራስም አሠራራቸው አንድ ነው። እንጀራ ደግሞ ሁለመናው ገጹ ነው። ከጤፍ ዱቄት ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፣ አብሲት ይጨመርበታል፣ ሲነፋ ምጣድ ላይ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየተዞረ ይፈሳል። ታች ያለው ሙቀት በሊጡ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። አየሩ ገጹ ላይ ሲደርስ ይፈነዳና ዓይን ይተዋል። ከዚያ አክንባሎው ይከደናል። እንጀራ አይገለበጥም። አንዱ ወገኑ ብቻ ምጣድ ስለሚነካው ታቹ ለስላሳ፣ ላዩ ዓይናማ ሆኖ ይወጣል። አንድ እንጀራ ላይ ስንት ዓይን እንዳለ የቆጠረ የለም።

ሠዓሊ ይህን ሁሉ ዓይን በሰከንድ 12 ጊዜ ሊሥል አይችልም። ዓይኖቹ በየሥዕሉ ትንሽ ትንሽ ከተዛቡ እንጀራው ማያው ላይ ይርገፈገፋል፤ ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል። መፍትሔው ሥራውን መክፈል ነው። ትሪው ላይ የተነጠፈው እንጀራ ከጠረጴዛው ጋር አንዴ ይሣልና አይነካም። የሚንቀሳቀሰው ቁራሹ ብቻ ነው። ቁራሹ ትንሽ ነው፣ ከፍጥነቱም የተነሳ ከዓይን ያመልጣል። ተመልካቹ ቁራሹን የሚያምነው የተነጠፈውን ስላየ ነው። የማይንቀሳቀሰው ሥዕል ለሚንቀሳቀሰው ምስክር ሆኖ ይቆማል።

ቀጥሎ ቀለም አለ። የሲምፕሰን ቤተሰብ ቆዳ ቢጫ ነው። ክክ አልጫም ቢጫ ነው። ቢጫ እጅ ቢጫ ወጥ ላይ ሲያርፍ እጁ የት እንዳበቃ፣ ወጡ የት እንደጀመረ መለየት ያስቸግራል። ሁለቱን የሚለያቸው በመካከላቸው ያለው እንጀራ ነው። የእንጀራው ዳለቻ ቡናማ ከቢጫውም፣ ከበርበሬው ቀይም፣ ከጎመኑ አረንጓዴም ጋር አይጋጭም። ሁሉንም ተሸክሞ እርስ በርሳቸው ያለያያቸዋል። ይህ የሠዓሊዎቹ ፈጠራ አይደለም። በያይነቱ ሲቀርብ ማንኛዋም ሴት ቤቷ የምታደርገው ነው፤ ቀዩን ከቀይ አታጎራብትም፣ ምስሩንና ሽሮውን በአልጫ ትለያቸዋለች። ለዓይን የተስተካከለ ትሪ ለካርቱንም ተስተካክሎ መጣ።

ከዚያ እጅ አለ። ሲምፕሰኖች በአንድ እጃቸው አራት ጣት ብቻ ነው ያላቸው፤ አውራ ጣትና ሦስት። ብዙ ካርቱኖች እንዲህ ናቸው፤ አምስተኛው ጣት ሲቀር ሥራው ይቀንሳል፣ እጁም ትንሽ ሆኖ ይነበባል። ይህ እጅ ሹካ ሲይዝ ሁልጊዜ ትንሽ ይከብደዋል፤ ሹካው ጣቶቹ መካከል የሚንሸራተት ይመስላል። እንጀራ ሲቆርስ ግን ምንም አይጎድለውም። ቁራሽ የሚያዘው በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሃል ጣት ነው፤ የቀለበት ጣት ያግዛል። ትንሿ ጣት ሥራ የላትም። የካርቱኑ እጅ የሌለው የማያስፈልገውን ጣት ነው። ስለዚህ ማርጅ ስትጠቀልል እጇ ካርቱን መሆኑ ይረሳል። በተከታታዩ ውስጥ ይህን ያህል ከእጅ ጋር የተስማማ ምግብ አላስታውስም።

የትዕይንቱ ቅደም ተከተልም በጥንቃቄ ተለክቷል። ክፍሉ የሚጀምረው በሆመር ነው። ሆመር ልጆቹን ወደ ቪዲዮ ጌም ትርኢት ይወስዳቸዋል። ትርኢቱ ኢ-4 ይባላል፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይካሄድ ከነበረው ኢ-3 የተወሰደ ቀልድ ነው። እዚያ ያለው ሁሉ ማያ ነው፣ ድምፅ ነው፣ ሰልፍ ነው። ልጆቹ ተደስተው ይመለሳሉ። ማርጅ ይከፋታል፤ በቤቱ ውስጥ የሚያስደስተው ወላጅ አባትየው ሆኖ ቀርቷል። እሷ ደግሞ ጥርስ አፅዱ፣ ተኙ፣ አትክልት ብሉ የምትል ናት። ስለዚህ በተራዋ ልታዝናናቸው ይዛቸው ትወጣለች። ጉዞው ግን ወዳላሰበችው ሰፈር ያደርሳታል። ሰፈሩ በካርቱኑ ከተማ በስፕሪንግፊልድ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ ነው።

ፍርሃቱ እዚህ ጋ መቀመጡ አስፈላጊ ነው። ማርጅ የምትፈራው ምግቡን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ነው። በሩ ሲከፈት ተመልካቹ በእሷ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ይገባል። ምግብ ቤቱ ግን አያስፈራራም፣ አይቀልድባትምም። ያበላታል። ቀልዱ ሁሉ የተጫነው በእንግዳዋ ላይ ነው፤ አስተናጋጆቹ የቀልድ መሣሪያ አይደሉም። ልጆቹ ቀድመው ሲደፍሩ የፍርሃቱ መጠን ይለካል፤ የሚቀንሰውም በቃል ሳይሆን በጉርሻ ነው። ደራሲው ማርጅ እንድትናገር አላደረገም፤ እንድትበላ አደረገ። የማርጅን ድምፅ የምትሰጠው ጁሊ ካቭነር የምትታወቅበት ሻካራ ድምፅና ማጉረምረም እዚህ ከንግግር የበለጠ ሠርቷል።

በሁለቱ ደስታዎች መካከል ያለው ልዩነትም ተዘጋጅቶ የቀረበ ነው። በክፍሉ መጀመሪያ ደስታ ከማያ የሚመጣ ነበር፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ፊት ያያሉ። በምግብ ቤቱ ደስታ ከእጅ የሚመጣ ነው፤ ክብ ትሪ ከበው እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህን የሚነግረን ቃል የለም። አቀማመጡ ነው የሚነግረን። ተከታታዩ ከአውሮፓውያኑ 2009 ጀምሮ ወደ ሰፊው ማያ ተሻግሯል። በጠባቡ ማያ ሦስት ሰው ከአንድ ትሪ ጋር ሲገባ ይጨናነቅ ነበር። በሰፊው ትሪው ሞላላ ሆኖ ይዘረጋል፣ ሰዎቹም ሳይደራረቡ በዙሪያው ይቀመጣሉ።

ስለ እንጀራና ስለ ትሪው ያለው ይህ እውቀት ከየት መጣ? መንገዱ አጭር ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና አለ። ከኦሊምፒክ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወረድ ያለውን ቁራሽ የከተማው ምክር ቤት በአውሮፓውያኑ 2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል። ከዚያ በፊትም ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት፣ ገበያና የልብስ ሱቅ ከፍተውበት ነበር። ከሰፈሩ ደቡብ ጫፍ አጠገብ የሚያልፈው ጎዳና ፒኮ ይባላል። ፒኮን ይዞ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ የፎክስ ስቱዲዮ ግቢ ይደርሳል። የ«ሲምፕሰንስ» ደራሲዎች የሚሠሩት እዚያ ነበር። ሴልማን ምግብ ወዳድ ነው፤ ክፍሉን የጻፈውም ከዚሁ ፍቅሩ ተነስቶ ነው። በእነሱ ከተማ በያይነቱ ለምሳ የሚሄዱበት ርቀት ላይ ነበር።

ነገር ግን ሥዕሉ የተጠናቀቀው ሎስ አንጀለስ ውስጥ አይደለም። ተከታታዩ ቀለም የሚቀባው ደቡብ ኮሪያ ነው ብያለሁ። ስለዚህ መንገዱን ሙሉውን እንከተለው። አንዲት ሴት ፌርፋክስ ላይ እንጀራ ትጋግራለች፤ ጤፉ ከአገር ቤት ላይሆን ይችላል፣ አይዳሆ በሚባል የአሜሪካ ግዛት ከአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይበቅላል። እዚያው ከተማ ያሉ ሠዓሊዎች ትሪውን ይነድፋሉ። ለእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ የናሙና ሥዕል ይዘጋጃል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ በስንት መጠን፣ በየትኛው ቀለም እንደሚሆን በወረቀቱ ላይ ይወሰናል። ወረቀቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሴኡል ይገባል። እዚያ ያለው ቀለም ቀቢ እንጀራ አይቶ ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው የናሙናውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ማያው ላይ አይደርስም። እንጀራው ከቂጣና ከፓንኬክ ተለይቶ ከወጣ የመጀመሪያው እጅ በወጉ አስተውሏል ማለት ነው።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ለማወቅ ወደ ኋላ ማየት ይበቃል። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ጊዜ የአሜሪካና የአውሮፓ ቴሌቪዥን ኢትዮጵያን ያሳየው በአንድ ዓይነት ምስል ነበር። ላይቭ ኤይድ የተባለው የዕርዳታ ኮንሰርት በጁላይ 13 ቀን 1985 ሲካሄድ ዓለም የእኛን ስም ከባዶ ሳህን ጋር ለመደው። ምስሉ እውነት ነበር፤ ሰው አልቋል። ግን ለረጅም ጊዜ ብቸኛው ምስል ሆኖ ቆየ፣ ኋላም የቀልድ ማሠሪያ ሆነ። «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው ሌላ የካርቱን ሲትኮም በኖቬምበር 19 ቀን 1997 ባስተላለፈው ክፍል ኢትዮጵያዊው ገጸ ባሕርይ የተራበ ሕፃን ነበር። ያ ክፍል ራሱ የአሜሪካውያንን ግድ የለሽነት የሚነቅፍ ነው ብሎ የሚከራከር አለ። ሆኖም የኢትዮጵያዊው ቦታ አልተቀየረም፤ የሚጠብቅ ነው እንጂ የሚሰጥ አይደለም።

ከ14 ዓመት በኋላ በ«ዘ ፉድ ዋይፍ» ቦታው ተገለበጠ። ኢትዮጵያውያኑ ባለቤት ናቸው። የተራቡት፣ የሚደገፉት አሜሪካውያኑ ናቸው። ክፍሉ ይህን ገልብጫለሁ ብሎ አላወጀም። ስለ ረሃብ ንግግር አላስገባም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ትሪውን ሞልቶ አቀረበ፤ ያ በቂ ነበር።

ተከታታዩ በራሱ ታሪክ ውስጥም ርቀት ሄዷል። በጃንዋሪ 24 ቀን 1991 በታየ አንድ ክፍል ቤተሰቡ በሊሳ ውትወታ የጃፓን ምግብ ቤት ገብቶ ነበር። ሆመር መርዛማ ዓሣ በላሁ ብሎ ሞቱን ሲጠብቅ ያድራል። የባዕድ ምግብ ያኔ የሞት በር ነበር። በኦክቶበር 24 ቀን 1999 ደግሞ ሆመር የምግብ ሐያሲ ሆኖ ለጋዜጣ ሲጽፍ አይተነዋል። በአውሮፓውያኑ 2011 መድረኩ ለማርጅ ተሰጠ። ማርጅ ለሁለት አሥርት ዓመታት ቤት ውስጥ ያበሰለች ሴት ናት። ከቤተሰቡ ሁሉ ምግብን የምታውቀው እሷ ሆና ሳለች ስለ ምግብ ለመናገር ተራ የደረሳት አሁን ነው። ከምግብ ቤቱ በኋላ እናትና ልጆች ስለሚቀምሱት ሁሉ የሚጽፉበት ጦማር ይከፍታሉ፤ ሦስቱ በራፕ እያዜሙ ምግብ የሚጠሩበት ዘፈንም አለ። ከትሪው ወደ ጦማሩ ያለው መገጣጠሚያ ጥብቅ ነው። ትሪውን አብረው የበሉ ሦስት ሰዎች ወዲያው አንድ ማኅበር ይሆናሉ፤ ሆመር ደግሞ ከትሪው ስላልበላ ከማኅበሩ ውጭ ይቀራል። ግጭቱ ከምግቡ ተወለደ። ማንም ከውጭ አላስገባውም።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ይላላል። ማርጅ ሆመር ከገባ ደስታዬን ይወስድብኛል ብላ ትሰጋለች። እንግዳ ሆነው የመጡት እውነተኛ ታዋቂ የምግብ ሰዎች፣ ጎርደን ራምዚ፣ ማሪዮ ባታሊና አንቶኒ ቦርዴይን፣ በራሳቸው ድምፅ ብቅ ይላሉ፤ የመጡበት ጉዳይ ግን ከስማቸው ያነሰ ነው። ቤተሰቡ ምግብን በኬሚስትሪ የሚሠራ ውድ ምግብ ቤት ሊሄድ ሲል ማርጅ ለሆመር የተሳሳተ አድራሻ ትሰጠዋለች። አድራሻው ሜታምፌታሚን የተባለው ዕፅ የሚበሰልበት ቤት ሆኖ ይገኛል። ፖሊስ ይመጣል፣ ተኩስ ይነሳል፣ ማርጅ ባሏን ለማዳን ትሮጣለች። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት የተገጠመ ይመስላል፤ እዚህም ማብሰል እዚያም ማብሰል፣ እዚህም ኬሚስትሪ እዚያም ኬሚስትሪ። መገጣጠሚያው ግን ቃል ብቻ ነው። ሸክሙን አይችልም። በምግብ ቤቱ ውስጥ የሚያሳስበን የማርጅ ልብ ነበር፤ በተኩሱ ውስጥ ማን ይተርፋል ወደሚል ተቀየረ፤ ሆመር እንደማይሞት ደግሞ 490 ክፍል የተመለከተ ሁሉ ያውቃል።

ይህን በምጽፍባት በደቡብ ኦሞዋ ሃና ከተማ ውስጥ ይህን ድክመት የሚያስረዳ ዕቃ በየሰው እጅ አለ። በርኩማ ነው። የኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደር ወንድ ከሰፈሩ ሲወጣ በርኩማውን አይተውም። ቀን ይቀመጥበታል፣ ሲተኛ ይንተራሰዋል። የሚጠረበው ከአንድ ግንድ ነው፤ መቀመጫው፣ አንገቱና እግሩ አንድ እንጨት ናቸው። ምስማር የለውም፣ ሙጫም የለውም። ስለዚህ የሚሰበርበት መገጣጠሚያ የለውም። የ«ዘ ፉድ ዋይፍ» የመጀመሪያ ሁለት ሦስተኛ እንዲህ ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፤ የማርጅ መከፋት፣ ጉዞው፣ ትሪው፣ ማኅበሩ፣ የሆመር መገለል ተከታትለው ከአንድ ሥር ይወጣሉ። መጨረሻው ሌላ እንጨት ነው፤ መጥቶ ተቸነከረ።

የሃና ዓይን ሌላም ነገር ያያል። ሃና የሰላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከጂንካ ተነስቶ ማጎ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚመጣው መንገድ የሙርሲን አገር አልፎ ወደ እሷ ይገባል። በዙሪያዋ ሙርሲ፣ ቦዲና ዲሜ ይኖራሉ። ምግብ ቤቶቿ እንጀራ ያቀርባሉ። ግን እዚህ እንጀራ ራሱ እንግዳ ነው። ከመንግሥት ሠራተኛው፣ ከነጋዴውና ከሹፌሩ ጋር ከደጋ የወረደ ነው። የሙርሲና የቦዲ ቤት ምግብ ከማሽላና ከበቆሎ የሚሠራ ገንፎ ነው፤ የከብት ወተት አለ፣ ከበሬ አንገት ተቀድቶ ከወተት ጋር የሚጠጣ ደም አለ። ለእነዚህ ሰዎች «የኢትዮጵያ ምግብ» ተብሎ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የተዘረጋው ትሪ ከእነሱ ቤት ያልወጣ ነው። ይህ የካርቱኑ ጥፋት አይደለም። ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት የከፈቱት የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ሠዓሊዎቹም ፊታቸው የተቀመጠውን ሣሉ። ትክክለኛ ሥዕል የሚያሳየው የታየውን ያህል ነው።

ደቡብ ኦሞ መታየት ብርቋ አይደለም። ሙርሲ መንደር ውስጥ ቱሪስት በመኪና ይመጣል፣ ለፎቶ ይከፍላል፣ የከንፈር ሸክላ ያደረገችውን ሴት ያነሳል፣ ይመለሳል። ሸክላው ከየትኛው አፈር እንደተቦካ፣ እንዴት እንደለሰለሰ፣ ዳሩ ከንፈር እንዲይዘው እንዴት ቦይ እንደወጣለት በፎቶው ላይ የለም። ሴትየዋ ማታ ምን እንደምትበላም የለም። ሰው ፊቱ ብቻ ሲነሳ ምንም ስላልተነገረለት የፈለጉትን ይሉታል። ሲበላ የታየ ሰው ግን ቤት እንዳለው ይታወቃል፤ ያበሰለለት አለ፣ የዘራለት አለ፣ አብሮት የሚቀመጥ አለ። «ዘ ፉድ ዋይፍ» ለፌርፋክስ ኢትዮጵያውያን ያደረገው ይህንን ነው። ፊታቸውን ሳይሆን ማዕዳቸውን ሣለ።

ቦርዴይን ለዚህ ክፍል ድምፁን ከሰጠ ከአራት ዓመት በኋላ በካሜራ ታጅቦ ኢትዮጵያ መጣ። አስጎብኚዎቹ በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ በአስተዳደግ ስዊድናዊ የሆነው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንና ባለቤቱ ማያ ኃይሌ ነበሩ። ፕሮግራሙ በኦክቶበር 2015 ታየ። ካርቱኑ መንገዱን ከፈተለት ማለት አልችልም። ሁለቱም ግን አንድ ዘዴ ተጠቅመዋል፤ ወደ አገር በማዕዱ በኩል መግባት።

የእኛዎቹ ሠዓሊዎችም ሥራ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 2005 በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለልጆች ሠርቷል፤ ቀጭኔዋን ፀሐይን የማያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ኋላም ይኸው ቤት ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉ ሦስት ልጃገረዶችን ይዞ «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የካርቱን ተከታታይ አወጣ። አንድ ቀን ከእነዚህ ሠዓሊዎች መካከል አንዱ ስለ ሃና ካርቱን ሊሠራ ይነሳ ይሆናል። የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ቀለምና የናሙና ወረቀት የአሜሪካኖቹ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ነው። በወረቀቱ ላይ የማሽላው ገንፎ ምን ያህል እንደሚወፍር ይስፈር። እጅ ሲነካው ይለያይ ወይስ ይያያዝ እንደሆነ ይስፈር። ወተት የሚቀመጥበት ቅል አንገቱ የቱን ያህል እንደሚረዝም፣ ክዳኑ በምን እንደሚታሰር ይስፈር። ከማን ቀድሞ ማን እንደሚበላ፣ ልጆች የት እንደሚቀመጡ ይስፈር። ይህን ለማወቅ ወርዶ አብሮ መቀመጥና የቀረበውን መብላት ያስፈልጋል።

491ኛውን ክፍል ጥሩ የሚያደርገው ይኸው ነው። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት በልቷል፤ ሠዓሊውም በበላው ሰው ዓይን ሥሏል። ያልበሉትን ሲሥሉ፣ ማለትም ተኩሱን፣ የዕፅ ቤቱንና ታዋቂ ሰዎቹን ሲያስገቡ ሥራው ከሌላ ቦታ የተቀዳ ሆነ። ክፍሉን የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት በአንድ ቁጭታ ሊለካው ይችላል። ትሪው የቀረበበትን ቦታ ያቁመው፣ ወደ ኋላ ይመልሰው፣ እጁን ከቁራሹ ጋር፣ ቁራሹን ከወጡ ጋር ያስተያየው። የጎደለ ጣት የማያጎድለው፣ ጠፍጣፋ ቀለም የማያደኸየው ሥራ ያገኛል፤ በማያውቁት ሰው ማዕድ ላይ የተቀመጡ ሠዓሊዎች እንደ ራሳቸው ጓዳ ተጠንቅቀው ሠርተውታል።